ለአባቴ መኪና የፍጥነት መለኪያ ስንመርጥ

የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የአባቴ የጭነት መኪና ደብረ ታቦር ውስጥ ዓመታዊውን ምርመራ ሳታልፍ ቀረች። ፍሬኗ ይይዛል፣ መብራቷ ይበራል፣ ጎማዎቿ አዲስ ናቸው። የፍጥነት መለኪያዋ ግን ዜሮ ላይ ቆሟል። መርማሪው መለኪያ አስገጥመን በሳምንቱ እንድንመለስ ነገረን።

ቀስቱ ዜሮ ላይ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ፍጥነታቸውን ከሞተሩ ድምፅ ስለሚያውቁ ጉዳዬ ብለውት አያውቁም። መኪናዋን የገዟት እኔ ሳልወለድ ነው። የጣሊያን ሥሪት ናት፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቀለሟ ሰማያዊ። ከጉና ሥር ድንችና ገብስ ስታወርድ ኖራ፣ አሁን አሁን ሙሽሮች ከፊቷ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ።

ነገሩ ግን ከመለኪያው በላይ ነበር። የአባቴ ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ እያቃተው ነው። የዘንድሮውን ምርመራ ካለፈች በኋላ መሪውን ለአንዳችን እንደሚለቁ ከፋሲካ ጀምሮ ሲናገሩ ቆይተዋል። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር በጋዜጠኝነት እሠራለሁ፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ። ታናሽ እህቴ ከዐረብ አገር የተመለሰችው አምና ነው። እዚያ ለቤት ሠራተኝነት ገብታ የአሠሪዎቿን ልጆች በመኪና ትምህርት ቤት እስከ ማመላለስ ደርሳለች። እንደ መጣች እሷም የከባዱን ፈቃድ አወጣች። በሥራዬ ስሜቴን ከዘገባዬ ማውጣት ለምጃለሁ። ይህንን ግን አላወጣውም፤ በእህቴ ቀናሁ።

ስለ አባቴ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በሚኒባስ ባሕር ዳር ሲሄዱ እንኳ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው የሌለ ፍሬን ይረግጣሉ። እኔ በጓደኛዬ ፒካፕ ሐሙሲት ገበያ ያደረስኳቸው ቀን የእጅ ፍሬኑን ከመነሻ እስከ መድረሻ ይዘውት ሄዱ።

«አባባ፣ መንገዱ ጥሩ ነው እኮ» አልኳቸው።

«መንገዱንማ አምነዋለሁ» አሉኝ።

የድሮው መለኪያ የሚሠራው ከካምቢዮው በሚመጣና በሚሽከረከር ሽቦ ነው። ሽቦው ተበጥሷል፤ ምትኩ ባሕር ዳርም አልተገኘም። ሻጮችንና የአውቶቡስ ባለቤቶችን እየደወልኩ ጠየቅሁ። የቀረን ምርጫ ሁለት ሆነ። አንደኛው ኤሌክትሮኒክ ነው። ሽቦው በነበረበት የካምቢዮ ቀዳዳ ሴንሰር ይገባና የጎማው ልክ ይሞላለታል። ጎማው ከተቀየረ ልኩ እንደገና እስኪሞላለት ድረስ ይዋሻል። ሌላው ጂፒኤስ ነው። መኪናዋን ሳይነካ ፍጥነቱን ከሳተላይት ይወስዳል፤ ጎማ አያሳስበውም፤ ነገር ግን ሰማይ ካላየ አይሠራም፣ ሲነሣም ትንሽ ያስጠብቃል። የጭነት መኪና ባትሪ ሃያ አራት ቮልት ስለሆነ ሁለቱም ያንን መቻል አለባቸው። እኔ ሴንሰሩን መረጥኩ።

ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ መኪናዋ አጠገብ፣ ለአባቴ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና ወደ እህቴ ዞሩ።

«አንቺስ?»

«ጂፒኤሱ ይሻላል አባባ። ካምቢዮዋን ማንም አይነካካብዎትም።»

«በቃ፣ እሱ ይሁን።»

«አባባ፣ እኔ እኮ…»

«ሰምቼሃለሁ። ደኅና አድርገህ ነው ያቀረብከው። ሬዲዮ ላይ ብትሆን እስከ መጨረሻው እከታተልህ ነበር።»

እህቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ምክንያቷን ብቻዬን ሆኜ መረመርኩት። ስሕተት አልነበረበትም። የባሰብኝ ያ ነው።

መለኪያውን ከባሕር ዳር ያመጣሁት ራሴ ነኝ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰፈር ጎልማሳ ሊገጥመው መጣና፣ አንቴናውን ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ለማጣበቅ አባቴን ፈቃድ ጠየቃቸው። ቦታው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል የሚቀመጥበት ነው። አባቴ ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ይሳለሙታል፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አያነሣውም። በሁለት እጃቸው አንሥተው እስኪያልቅ ጠበቁ። ሲያልቅ ሥዕሉን ቦታው መለሱት።

ከዚያ ቁልፉን ለእህቴ ወረወሩላት። «እስኪ አንቺ አዙሪያት።»

ሁላችንም ጋቢና ገባን። እስከ ገበያው ደርሰን ተመለስን። የመለኪያው መስኮት ላይ ከሰረዝ በቀር አንድም ቁጥር አልወጣም። ባለሙያው ሽቦውን እየፈታ እንደገና አሰረ፤ ያው ነው። አባቴ አንዴ መለኪያውን፣ አንዴ እህቴን አዩ። እኔን ደስ አለኝ። ስሜቱ አጭር ነበር፤ ግን ነበር።

ወዲያው ምክንያቱን አየሁት። የሥዕሉ ክፈፍ ከነጀርባው ቆርቆሮ ነው፤ እንደ ትሪ ሰፊ ነው፤ አንቴናውም ከሥሩ ተደፍቷል። ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም።

«ቆርቆሮው ነው» አልኩ። «ሸፍኖት ሰማይ አያይም።»

ባለሙያው እጁን ከዳሽቦርዱ ላይ ሰበሰበ።

«ሥዕሉን ትንሽ ወደ ግራ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሚካኤልን? ወደ ግራ?» አሉ አባቴ።

«እሱን ማን ያነሣዋል!» አለች እህቴ። «የሚነሣው አንቴናው ነው እንጂ።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቁ። ባለሙያው አንቴናውን ነቅሎ የፊት መስታወቱ ቀኝ ጥግ ላይ እያጣበቀ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ዜናውን እርስዎ አመጡ፤ ጭብጨባውን እሷ ወሰደች።»

ዳግመኛ ስንወጣ ቁጥሩ መጣ። በሳምንቱ መኪናዋ ምርመራውን አለፈች፤ አዲሱ ቦሎ መስታወቷ ላይ ተለጠፈ።

በማግስቱ አንበሳሜ የሚደርስ ድንች ተጫነ። አባቴ ቁልፉን ለእህቴ ሰጡና «ለዛሬ» አሉ። ለዛሬ የሚለውን ቃል ያዝኩት። እሳቸው በበሩ በኩል፣ እኔ መሐል ተቀመጥን። የካምቢዮው ዘንግ በጉልበቶቼ መካከል ነው።

«ጋሼ፣ ጉልበትህን» ትላለች እህቴ ማርሽ በቀየረች ቁጥር። እሰበስባለሁ።

በስልኬ ላይ የፍጥነት መለኪያ ከፍቼ ከአዲሱ ጋር አመሳከርኩ። በሌላ ዓይኔ የአባቴን ቀኝ እግር እከታተላለሁ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ወለሉን ረገጡ። ሁለተኛውም ላይ ረገጡ። ትልቁ ቁልቁለት ጋ ስንደርስ እህቴ ገና ሳትወርድ ማርሹን ዝቅ አደረገች፤ መኪናዋ ፍሬን ሳይረገጥ በሞተሯ እየተያዘች ወረደች። ልክ እንደ አባቴ ነው የነዳችው።

«ይህን ማን አሳየሽ?» አልኳት።

«አባባ ናቸዋ። ጠዋት ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ።»

ስለ እነዚያ ጠዋቶች ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አባቴን አየኋቸው።

«ምን ታየኛለህ? ጉልበትህን ሰብስብ፤ ልትቀይር ነው» አሉኝ።

አንበሳሜ ድንቹን አራግፈን፣ ሽሮ በልተን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ባዶዋን ይዘናት ተመለስን። ከፊታችን ጉና ደመና ለብሷል። እህቴ ፊቴን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«ጋሼ፣ ምነው አኮረፍክ?»

«አላኮረፍኩም። እያመሳከርኩ ነው።»

«ታዲያ ትክክል ነው?»

መለኪያው ሠላሳ ስምንት ይላል። ስልኬም ሠላሳ ስምንት ይላል። ለአባቴ ልነግራቸው ዞርኩ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ጭንቅላታቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተኝተዋል።