ያልታመመው የታደለች እግር

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቢሾፍቱ በሚኒባስ ተነሳሁ። ጉዳዬ ፊርማ ነው። ወዳጄ የሆነ ዳይሬክተር ስለ አንዲት የተረሳች ሯጭና ስለ እሷ ስለጻፈው ጋዜጠኛ ፊልም ሊሠራ ተሰናድቷል። ጋዜጠኛው እኔ ነኝ። ሯጯ ታደለች ታሪኳ እንዲሠራ ፈቅዳ ካልፈረመች ግን ሰኞ የሚጀመረው ቀረጻ ይቀራል። ሰፈሯን አጠያይቄ ያገኘሁት እኔ ስለሆንኩ የጡረታ ጉልበቴን ይዤ ወጣሁ።

ቃሊቲ ወርጄ የለቡን ታክሲ ያዝኩ። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ሆነን ለቡ መብራት ኃይል ስንደርስ ግራ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ከዚያ በባጃጅ ወደ ሀና ማርያም። መንገዱ እየተቆፈረ ስለነበር ስወርድ የለበስኩት ጥቁር ኮት በአቧራ አመድማ ሆኗል።

ስኳር የሚመዝን ባለሱቅ ጠየቅሁ።

"ታደለችን ነው? እግሯን የሚያማትን?" አለኝ። "ያ ሰማያዊው በር ነው። ሲያንኳኩ ታግሰው ይጠብቁ፤ ቶሎ መነሳት አትችልም።"

ደነገጥኩ። ያኔ ስለ እሷ የጻፍኩበት ውድድር በትራክ ላይ የመጀመሪያዋ ነበር። ስትመራ ቆይታ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ያለቀ መሰላት፤ ሁለት እጇን አንስታ ቆመች። ሁሉም አለፏት። ሣሩ ላይ ፊቷን ሸፍና ስትቀመጥ አሳዘነችኝ። ለስሟ ብዬ ጋዜጣው ላይ "እግሯ ተጎድቶ አቋረጠች" ስል ጻፍኩ።

ሁለተኛ ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። ቀጥ ብላ፣ እየሳቀች ቆማለች። ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረበችልኝ፤ እጄን እስክሰበስብ ስለ ፊልሙ አላናገረችኝም። ከዚያ እኔ ጽፌ ያመጣሁላትን ስክሪፕት አገላብጣ አነበበች።

"ይቺ ልጅ ፊልሙን ሙሉ ለምንድን ነው የምታነክሰው?"

"ያው የጋዜጣው ነገር ነው። ተዋናይዋ እንዲያውም ወር ሙሉ ማነከስ ስትለማመድ ከርማለች።"

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ጋሼ፣ ያ ጽሑፍ ምን እንዳደረገኝ ያውቃሉ? ክለቡ 'እረፊ' አለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያረፍኩ ነው። ድግስ ሲኖር ድስት አያስነሱኝም። አንዴ ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል ብሮጥ፣ የቸርች እህቶች 'ተፈወሰች' ብለው እልል አሉ። ምን ልበላቸው?"

"ያኔ ለምን አልተናገርሽም?"

"ሊሸፍኑልኝ ብለው የጻፉትን ሰው እንዴት ውሸታም ልበል? ትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ወደ ቤት ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ።" እስክሪብቶውን አነሳች፤ ግን አልፈረመችም። "ልጅቷ አታነክስ። ደወሉን ይጻፉት። እርስዎ የዋሹትንም ይጻፉት።"

ስንት ዓመት በጋዜጣ ያፈራሁት ስም አሳሳኝ፤ አልደብቅም። ግን ይቺ ሴት በእኔ ይሉኝታ ዕድሜዋን ሙሉ ታማሚ ሆና ኖራለች። እዚያው ዳይሬክተሩ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ "ከበፊቱ ይበልጣል እኮ" አለ። ታደለች ፈረመች።

ስትሸኘኝ አንድ ሚኒባስ ሊነሳ ነበር። "ይምጡ!" ብላኝ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። በሩን ይዛ ስትስቅ እኔ ገና ከኋላ እያለከለክሁ ነበር። ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ወጣ።

"እግርሽ!" አላት።

"ድሮም ደህና ነው!"

ወደ ቢሾፍቱ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ሳቅሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ንጋት ግን በእኔ ምክንያት በጣም ዘግይቷል። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ትዕይንቱን እንደገና ጻፍኩ፦ "ታደለች ደወሉን ሰምታ ቆመች። እግሯ ደህና ነበር። ጋዜጠኛውም አይቷል።"