ማርያምን ያልኩበት ሽሮ

ከሚሴ እስር ቤት ያስገቡኝ ከማስተምርበት ክፍል አውጥተው ነው፤ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ላይ አልለቀቀም ነበር። ክፍሏ አራት እርምጃ ናት። የጨፋ ሜዳ ሙቀት ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ሲውል እኔ አራት ስሄድ አራት ስመለስ እውላለሁ። አብረውኝ ያሉት አንድ የባቲ ገበሬ ናቸው፣ ሽማግሌ ሰው። "መምህር፣ መሬቱን አደከምከው፤ አብሽር፣ ተቀመጥ" ይሉኛል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ባልነበርኩበት ስብሰባ ላይ ነበርኩ የሚል ወረቀት አቀረበልኝ።

"ፈርምና ቤትህ ግባ።"

"አልነበርኩም። አልፈርምም።"

በጥፊ አለኝ። ጉንጬ እየተቃጠለ ስመለስ ግን ልቤ አብጦ ነበር። ለሐሰት እጁን ያልሰጠ ክርስቲያን!

ከቤት ምግብ እንዲገባልኝ የተፈቀደውም ያን ቀን ነው። ባለቤቴ ቋንጣ የገባበት ቦዘና ሽሮ ልካለች። ሽማግሌው ከእኔ በፊት ነው የገቡት፤ ጠያቂ ስለሌላቸው በደረቅ ዳቦ ከርመው ግድግዳ ይዘው መነሳት ጀምረዋል። እዚህ አገር ሽሮውን አብረን እንበላለን፣ ቢላዋችን ግን ለየቅል ነው፤ ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበሉ አውቃለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቋንጣውን ለቃቅሜ ዋጥኩና ሳህኑን አቀረብኩላቸው።

"ሥጋ አልነካውም?"

"ሽሮ ብቻ ነው፣ ይብሉ።"

"ዱጋ ነው? እውነትህን?"

"ማርያምን!"

በሉ። ሲጨርሱ መረቁኝ። ተነስቼ መንጎራደድ ያዝኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹን "አትማሉ" እያልኩ የማስተምር ሰው፣ ለመርማሪው ያልዋሸሁትን ለሚያምነኝ ሰው ዋሸሁ፤ ያውም በእመቤታችን ስም። አዝኜላቸው ነው እላለሁ። ካዘንክላቸው ለምን ጀርባህን ሰጠህ? እላለሁ። ብነግራቸው ዳግመኛ ከእጄ አይበሉም፤ ካልበሉ ደግሞ መውደቃቸው ነው።

ለአሱር ሶላት ሲነሱ አላስቻለኝም።

"አባቴ፣ ቋንጣ ነበረበት። አውቄ ነው የዋሸሁዎት።"

ውሃ አንስተው አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ሰገዱ። ሲጨርሱም አላዩኝም።

"ሳላውቅ የበላሁትን አላህ ይምረኛል። መሐላህን ግን አንተው ከጌታህ ጋር ተጨራረስ።"

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ባለቤቴ ሥጋ እንዳትጨምር በጥበቃው በኩል ላክሁባት። በማግስቱ ሳህኑ ሲገባ ሳልነካው አቀረብኩላቸው።

"ሽሮ ነው" አልኩ።

"ማርያምን" የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሽማግሌው ፊቴን አዩ። ማል አላሉኝም። "ቢስሚላህ" ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

ከተፈታሁ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ገበያ ላይ ሰው ለአንድ ቁና ማሽላ ሦስት ጊዜ ሲምል እሰማለሁ። እኔንም ማልልኝ የሚለኝ አይጠፋም። "ነገሬ ይኸው ነው" ስል፣ "ይሄ ሰውዬ ጴንጤ ሆነ እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል። አልሆንኩም። አንድ የተራበ ሰው፣ ያውም አንዴ ያታለልኩት፣ ያለ መሐላ አምኖኝ በልቷል። ከዚያ ወዲህ መማል አልሆነልኝም።