ግማሽ ላይ የቀረችው ባንዲራ

በመንገዳችን ባንዲራ የማይሰቅል ሰው የለም፤ እንደ ቫግን ቶርፕ አድርጎ የሚሰቅል ግን አንድም የለም። ሌላው ለራሱ ልደት ይሰቅላል፣ ለልጁ ሠርግ ይሰቅላል፣ በቃ። ቫግን ለጎረቤቱ ልደት፣ ለጎረቤቱ እናት ልደት፣ አንድ ጊዜማ ከማዶ ያለችው ነርስ በአራተኛ ሙከራዋ መንጃ ፈቃድ አገኘች ብሎ ሰቅሏል። ምስኪን ነርስ፣ ከኀፍረቷ የተነሳ ሦስት ቀን በጓሮ በር ነው የወጣችው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከደሴታችን በምትመላለሰው መርከብ ላይ ገመድ ሲያስርና ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። ሕጉ ብዙ ነው፤ ባንዲራዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አትወጣም፣ መሬት አትነካም፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ትወርዳለች። የልደት ኬክ ላይ የሚሰኩትን ሚጢጢ የወረቀት ባንዲራዎች እንኳ ፊታቸውን ወደ አንድ ጎን ካላዞረ ቢላዋ አያስነሳም። ሚስቱ ቶቬ፣ ኬኩ ላይ ነፋስ የለም እኮ እያለች ትስቅበታለች። እሱ ምን ግዱ፣ ያዞራል።

ከአይጊል ጋር ያጣላው ይኸው ሕጉ ነው። አይጊል አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣ አናጢ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ለልጅ ልጁ ደግሶ፣ እንግዳው በዝቶ፣ ጨዋታው ደርቶ ባንዲራውን ማውረድ ረሳ። ከጀምበር በኋላ ያመሸች ባንዲራ ለሰይጣን የተሰቀለች ናት ይባላል በእኛ ዘንድ። ቫግን በአጥሩ ክፍተት ሾልኮ ገባና፣ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ “አይጊል፣ ዛሬ የጋበዝከው ሰይጣንን ነው እንዴ?” ብሎ በገዛ እጁ አወረዳት። እንግዶቹ ሳቁ። አይጊል አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሰሶው ራቁቱን ቀረ፤ ሰላምታውም አብሮ ቀረ።

ቫግን ግን የአይጊል ልደት በደረሰ ቁጥር ባንዲራ ከመስቀል አላቋረጠም። የተጣላሁት ከሰውየው እንጂ ከልደቱ ጋር አይደለም ባይ ነው። አይጊልም በዚያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ መጋረጃውን ይዘጋል። ሁለት ሽማግሌ እንደ ሕፃን ሲኳረፉ ማየት ያሳዝናልም፣ ያስቃልም።

ባለፈው የካቲት ቶቬን ልቧን አመማት። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ማገገሚያ ቤት ስትል ስምንት ሳምንት ሙሉ ከቤት ራቀች። ቫግን ድንቹን ቀቅሎ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ይበላ ነበር። ለማንም አይናገርም እንጂ፣ አልጋው ላይ የእሷን ጎን ላለመንካት ጠርዝ ይዞ ነው የሚተኛው። ቶቬ በደወለች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነበር። “ከቤተ ክርስቲያኑ ኩርባ ስንታጠፍ ባንዲራችንን ካየሁ፣ ያኔ ነው ቤቴ ገባሁ የምለው” ትለዋለች። ሐኪሙም አስጠንቅቋል፤ ይህች ሴት ምንም የሚያስደነግጥ ነገር ማየትም መስማትም የለባትም።

ልጃቸው ዶርቴ የአባቷ ጣቶች በቁርጥማት እንደተያዙ አይታ፣ ሌት ተቀን ብትንጠለጠል የማትነወረውን ቀጭኗን ባንዲራ ሰቅለህ ለምን አትገላገልም ብላው ነበር። “እሷ ባንዲራ ናት? መቀነት ናት እንጂ” አላት። ያረጀውን ገመድ የሚተካበት አዲስ ገመድ ስታመጣለትም፣ ሰው ጥራ ብትለው ተቆጣ። አዲሱ ገመድ ደግሞ አጠረ። ያኔ ከአሮጌው ጋር መቀጠል ግድ ሆነ። ድሮ ቢሆን የሁለቱን ጫፍ ፈታትቶ እንደ ሹሩባ ይጎነጉነው ነበር። አሁን ጣቶቹ እምቢ አሉትና ቋጠረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ገመድ የያዘ ሰው፣ ቋጠሮ!

ቶቬ የምትመለስበት ቅዳሜ ደረሰ። ቫግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ትኩስ ዳቦና ቅቤ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ መሀሉ ላይ ትንሿን የጠረጴዛ ባንዲራ አቆመ። ዶርቴ ከማገገሚያ ቤቱ ደውላ፣ ተነሥተናል፣ በአርባ ደቂቃ እንደርሳለን አለችው። ወጥቶ ባንዲራዋን አሰረና መሳብ ጀመረ። ቀይዋ ጨርቅ ከነነጭ መስቀሏ ሽቅብ ሽቅብ አለች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ሳበ። አልሄደችም። በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ቋጠሮው በምሰሶው አናት ላይ ገመዱ የሚያልፍበት መዘውር ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረና ከዚያ ወዲያ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለ።

መጀመሪያ የተናደደው በገመዱ ነበር። ቀጥሎ አንዲት ሴት በብስክሌት ስታልፍ ባንዲራውን አየችና አንገቷን ደፋች። ያኔ ነው ነገሩ የገባው። ባንዲራ ግማሽ ላይ ሲውል በዚያ ቤት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከዚያ ቤት ደግሞ አንዷ መኪና ውስጥ ተቀምጣ እየመጣች ነው። ታዲያ ከእሱ በቀር የሚሞት ማን አለ? ቶቬ በዚያች ልቧ ከኩርባው ላይ ሆና የባሏን መርዶ ልታይ ነው። ለዶርቴ ደወለ፤ እሷ ስትነዳ ስልክ አታነሣም። እንደገና ደወለ። ምን ዋጋ አለው።

በዚህ መሀል የአይጊል በር ተከፈተ። አይጊል በነጠላ ጫማ ወጣ፤ በእጁ የተጣጠፈ ቀይ ጨርቅ ይዟል። ስድስት ዓመት ራቁቱን ወደቆመው ምሰሶ ሄዶ ባንዲራውን አሰረ፤ እስከ ጫፍ ሳበው፤ ከጫፍ ቀስ አድርጎ ወደ ግማሽ መለሰው። የሐዘን ሕጉ እንዲሁ ነው፣ አንዲት ነገር አላጓደለም። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ለቶቬ ነው። ሞታለች ብሎ ነው። ቫግን ስድስት ዓመት ያልረገጠውን ክፍተት አልፎ ገባ።

“አይጊል፣ አልሞተችም” አለው።

አይጊል አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። “ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?”

“ገመዱ ተቀረቀረ። ቋጥሬው ነበር።”

“አንተ? ቋጠርክ?”

“ቋጠርኩ። አሁን እየመጣች ነው፣ አይጊል። ከኩርባው ስታየው የሞትኩ ይመስላታል።”

አይጊል አየው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዱ ሲያሰላስለው የኖረውን መልስ የሚመልስበት ቀን ቢኖር ይሄ ነበር። እሱ ግን፣ “መፍቻ አምጣ፣ ምሰሶውን እናጋድመው” ብቻ አለ።

የሥሩን ብሎን ፈቱ። አይጊል ክብደቱን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ቫግን እጆቹን ዘርግቶ ከሥር ከሥር ይከተላል። ባንዲራዋ ሣሩን ሳትነካ፣ የክርስትና ሕፃን እንደሚቀበሉት አድርጎ በክንዱ ተቀበላት። መርዶው ተነሣ። ግን ቋጠሮውን ፈትቶ ምሰሶውን መልሶ ለማቆም ጊዜ የለም፤ ከመንደሩ መግቢያ የመኪና ድምፅ እየተሰማ ነው።

“ግድ የለም” አለ ቫግን። “ሞቴን ከምታይ ባዶውን ብታይ ይሻላል። ባንዲራዋን ማየት ብቻ ነበር የለመነችኝ።”

አይጊል አንዱን ነጠላ ጫማ ሣሩ ላይ ጥሎ ወደ ግቢው ሮጠና ግማሽ ላይ የነበረውን የራሱን ባንዲራ እስከ ጫፍ ሳበው። መኪናዋ ያኔ ታጠፈች።

ዶርቴ በኋላ ነግራናለች፤ እናቷ በመጀመሪያ፣ ምሰሷችን የት ሄደ ብላ ተንጠራራች፤ ቀጥላ ከማን ግቢ እንደምትውለበለብ አየችና፣ “አይጊል ነው! አይጊል ሰቀለልኝ!” እያለች አለቀሰች። ወርዳ ባሏን በክራቫት፣ ጉልበቱ ሣር በሣር ሆኖ፣ ባንዲራ ታቅፎ ስታገኘው፣ አንዱን ሽማግሌ አየች፣ ሌላውን አየች። “ይሄን ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እታመም ነበር” አለች።

ከሰዓት በኋላ አይጊል በራሱ ቀልጣፋ ጣቶች ገመዱን ጎነጎነው፤ ምሰሶው ቆመ፤ ባንዲራዋ ጫፍ ደረሰች። ሦስቱ ቁጭ ብለው ዳቦውን ጨረሱት። ስለ ድግሱ ማንም አላነሣም። አመሻሽ ላይ አይጊል ሄዶ የራሱን ባንዲራ አወረደ። ቫግን የቶቬን እጅ እንደያዘ ወንበሩ ላይ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰደው፤ ስምንት ሳምንት ያልተኛውን እንቅልፍ።

ቶቬ በመስኮት ስታይ ጀምበሯ ባሕሩን ልትነካ ነው፤ ባንዲራዋ ግን እንደተሰቀለች ናት። ወጥታ እንዳታወርዳት አቅም የላትም። ልትቀሰቅሰው ፊቱን አየችና አልሆነላትም። በዚህ ጊዜ አይጊል በአጥሩ ክፍተት ብቅ አለ። ባንዲራዋን አየ፣ ጀምበሯን አየ፣ መስኮቱን አየ። ቶቬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እሱም ድምፅ ሳያሰማ አወረዳት፤ ጫፏ ሣር ሳይነካ አጣጠፋትና ኮሪደሩ ውስጥ አስቀምጦ ሄደ።

ቫግን በኋላ በርግጎ ነቃና፣ “ባንዲራዋ!” አለ።

“አውርደሃታል እኮ” አለችው ቶቬ። “ኮሪደሩ ላይ ናት። ድካም ነው ያስረሳህ።”

ሄዶ በእጁ ዳሰሳት፤ አመነ።

ዛሬም በየልደቱ፣ ኬኩ ሊቆረስ ሲል፣ አፉን ሞልቶ ያወራል፤ በሕይወቴ አንዲት ቀን እንኳ ባንዲራዬ ላይ ጀምበር ጠልቃ አታውቅም ይላል። ቶቬ ቢላዋውን ታነሣለች። አይጊል ደግሞ የወረቀት ባንዲራዎቹን ፊት ወደ አንድ ጎን እያዞረ፣ “እውነቱን ነው፣ ለዚህስ እኔ ምስክሩ ነኝ” ይላል።