የተገመገመው ሞተር

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጅማ በተከራየሁት ቤት አጥር ጀርባ፣ ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት አሮጌ መኪናውን ሲያስነሳ ይህ ድምፅ ይመጣና ሳላስበው ቦንጋ፣ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ሰው በመኪና ድምፅ ያለቅሳል? እኔ አልቅሼ አውቃለሁ።

ያቺ የኛ አሮጌ ፒካፕ የአባቴና የታናሽ ወንድሙ የጋሼ አድማሱ ነበረች። ጋሼ አድማሱ ማንኪራ በውርስ የደረሰውን የቡና መሬት በገንዘብ ለቆ፣ አባቴም በግብርና ቢሮ ሥራው ያጠራቀመውን ጨምሮ ነው የገዟት። አባቴ ቢሮ ይውላል፣ ጋሼ አድማሱ ይነዳል፤ ከዋጫ ቡና፣ ከቢታ ገነት ማር እየጫነ ቦንጋ ያራግፍ ነበር። የሚኖረው ከኛው ጋር፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነበርና የናፍጣና የማር ሽታው ገና ከበር ይቀድመው ነበር። እውነቱን ለመናገር ከአባቴ ይልቅ እሱን እወድ ነበር። አባቴ ይቆጣል፣ እሱ ያስቃል።

ድምፁ የጀመረው ኅዳር ላይ፣ ቡና ተለቅሞ መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ነበር። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ኳ ኳ ይላል፣ ትንሽ ሲሞቅ ዝም ይላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ እንደገና ይጀምረዋል። ጋሼ አድማሱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር፤ አያቴ ቀፎ ላይ ጆሮውን ጥሎ ንቡን እንደሚያዳምጠው። ከዚያ ራሱን ይነቀንቅና ከውስጥ አይመስለኝም ይል ነበር። ማን ይስማው! በአጥራችን ያለፈ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ቢየላ ነው ይላል፣ ሌላው ቫልቭ ነው ይላል፣ በዕድሜው መሪ ጨብጦ የማያውቀው የሒሳብ መምህራችን ሳይቀር ፒስተን ነው ብሎ ፈረደ።

ጥር ላይ ሞተሩ ወረደ። አባቴ ያመጣው መካኒክ ግቢያችን ውስጥ ሸራ አንጥፎ፣ ብልቱን ሁሉ ዘርግፎ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ የተበላሸ ነገር ቢያጣበት መልሶ ገጠመው። አስነሳው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሰውዬው አፈረ መሰለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዕቃው ኦሪጅናል አይመስለኝም፣ ምናልባት መንገድ ላይ አውጥተው ሌላ አስገብተውበት ይሆናል ብሎ ለአባቴ ሹክ አለውና ሄደ። አባቴም ወንድሜ ዕቃውን አውጥቶ ሸጦታል ብሎ ጠረጠረ፤ ያቺ ቃል ቤታችንን አፈረሰችው።

በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ ግምገማ የሚሉት ነገር ነበር፤ ሠራተኛው ይሰበሰብና አንዱን ፊቱ አስቀምጦ ጉድለቱን ይዘረዝርበታል፣ እሱም ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። አባቴ ራሱ ተገምግሞ ሲቃጠል ከርሟል። ያንኑ የተቃጠለበትን ነገር ተሸክሞ ቤቱ ይዞት መጣ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ውስጥ ወንበር ደርድሮ፣ በመኪናዋ ተሳፍረው የሚያውቁ ጎረቤቶችን ጠርቶ፣ ወንድሙን ፊታቸው አስቀመጠና አስተያየት ስጡ አላቸው። ሰው ደግሞ ከተጠየቀ የሚለው አያጣም። አንዱ ዋጫ ላይ መኪናዋ ጋራዥ በር ቆማ አይቻለሁ አለ፤ አንዷ ደግሞ ቢታ ገነት ሲሄድ ቶሎ አይመለስም አለች።

ወንድማማቾቹ አፍ ከፈቱ ጀምሮ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነበር። ያን ቀን አባቴ በአማርኛ፣ ያውም በቢሮ አማርኛ ነበር የተናገረው።

«አቶ አድማሱ፣ ግለ ሂስ ያድርጉ» አለ።

አቶ! የእናቱን ልጅ! ጋሼ አድማሱም በአማርኛ መለሰለት።

«ጋሼ፣ ያልሠራሁትን አልናገርም።»

ተነሥቶ የመኪናዋን ቁልፍ ወንበሩ ላይ አኖረ። እናቴ ኧረ ስለ እግዚአብሔር እያለች በሩ ላይ ብትቆምበትም፣ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ፣ ወደ ቢታ ገነት በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ። እኔ መንገድ ድረስ እያለቀስኩ ተከተልኩት። አባቴ ወንበሮቹን እየለቀመ ወደ ቤት ያስገባ ነበር።

በልጉ ሲዘንብ መኪናዋ ቆማ ዶሮዎቻችን እንቁላል ይጥሉባት ነበር። አባቴ ሌላ ሾፌር አላምንም አለና፣ ክረምቱ ሳይገባ ልትሸጥ ሆነ። ገዢው ሾፌሩን አስከትሎ መጣ። ሾፌሩ አስነሳት፣ ድምፁን ሰማ፣ አጠፋት፤ ከሞተሩ ፊት ያለውን የጎማ ቺንጋ ፈታና እንደገና አስነሳት። ጸጥ። ለካ ቺንጋው የሚዞርበት ብረት ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ወር ያንኳኳው እሱ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ ከውስጡ የወጣም የተለወጠም ነገር አልነበረም።

አባቴ የመኪናዋን በር ገፍቶ ዘጋ። እናቴ አሁኑኑ ሂድና ወንድምህን ይቅርታ ጠይቀህ አምጣው አለችው።

«ታናሽ እሱ ነው። እሱ ይምጣ» አለ።

መስከረም ሲጠባ ጭቃው ይድረቅ አለ፤ ጭቃው ሲደርቅ ሥራ በዛብኝ አለ፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ እንደገና ጭቃ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ እኔ አደግኩ። ጋሼ አድማሱ ቢታ ገነት የሰው መኪና እየነዳ ትዳር መያዙን የሰማነው ከመንገደኛ ነበር፤ ከዚያም ታሞ መሞቱን ሰማን። ያን ጊዜ ክረምት ነበር፣ መንገዱም ጭቃ ነበር፣ አባቴ ግን በማግስቱ ደረሰ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ደረቱን እየደቃ፣ በካፊኖኖ ወንድሜን ወንድሜን እያለ ሲጮኽ ሰው ሁሉ አዘነለት። እኔ ተናደድኩ። ዛሬም ያናድደኛል።

አሁን አባቴ አርጅቶ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ጆሮው ብዙ ነገር አይሰማም፣ ያንን ድምፅ ግን አይስተውም። ጎረቤቴ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር በረንዳው ላይ ቀና ይልና፣ ሂጂና መጀመሪያ ቺንጋውን ፈትቶ ይሞክር በይው ይለኛል። ለገዛ ወንድሙ ዕድሜ ልኩን መላክ ያቃተውን ቃል፣ ዛሬ ስሙን ለማያውቀው ሰው በየጠዋቱ አጥር ሊያሻግር ይፈልጋል። እሺ አባባ እለዋለሁ። ለጎረቤቴ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።