ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የተፈረመ ውሃ

የኩላሊት እጥበት ታካሚዎቹ የውሃ ቴክኒሻኑን «ቀማሹ» ይሉታል። መቼም ውሃውን አይቀምስም፤ ይመረምራል እንጂ። በየማለዳው ማጣሪያውን ያስነሳል፣ ሩብ ሰዓት ያፈስሰዋል፣ ከመጀመሪያው የከሰል ማጣሪያ ቀጥሎ ካለው ቧንቧ በብልቃጥ ይቀዳና መመርመሪያውን ጠብ ያደርግበታል። ጠርቶ ከቀረ ይፈርማል። ሮዝ ከሆነ የከተማው ውሃ ክሎሪን ከሰሉን አልፏል ማለት ነው፤ ክሎሪን ደግሞ በማሽኑ በኩል ደም ውስጥ ከገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሩብ ሰዓቷ አንዲት ደቂቃ ሸርፎ አያውቅም።

ያን ቀን ግን ጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ፣ በነርሷ ተደግፈው ገቡ።

«አንተ ቀማሽ!» አሉት እያለከለኩ። «ውሃ ነው... ወይስ ሙሽራ... የምትመርጠው?»

«ጋሼ፣ በሞቴ ቶሎ በል» አለች ነርሷ።

አንጀቱ አልቻለም። በሦስተኛው ደቂቃ ቀዳ፤ ውሃው ጠራ፤ ፈረመ። ነርሷም ሴትዮዋን ከማሽኑ ጋር አገናኘቻቸው።

ከሰሉ ውስጥ ያደረ ውሃ ምንጊዜም ንጹሕ ነው፤ እውነቱን የሚያወጣው ከመስመር አዲስ የሚገባው ነው። ለሰልጣኝ ሁሉ ይህን ሲያስተምር የኖረው እሱ ራሱ ነው። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ደግሞ ቀዳ። ብልቃጡ ሮዝ ሆነ።

እየሮጠ ገባ። «ባይፓስ አድርጊው! ውሃው ደማቸው ጋ እንዳይደርስ!»

ነርሷ ውሃውን የሚያስቀይሰውን የማሽኑን ቁልፍ ተጫነች፤ ደም የሚዞርበትን ቱቦ ወደ መብራት አስጠግታ አየች። «የደሙ ቀለም አልተለወጠም» አለች።

«ምንድነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ቸኩዬ ፈረምኩ፣ እማማ።»

የቀረው ተስፋ ውሃው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ሁለተኛው የከሰል ማጣሪያ ነው። እሱም ክሎሪን ካሳለፈ ክፍሉ ይዘጋል፤ ሌላ ሆስፒታል እስኪደርሱ ደግሞ የሴትዮዋ ትንፋሽ አይጠብቅም። ከሁለተኛው ቀዳ። መመርመሪያውን ጠብ አደረገበት። ጠራ። ደገመ። ጠራ።

«ጀምሪ» አላት ነርሷን። «በየግማሽ ሰዓቱ እመረምራለሁ።»

«ቆይ» አሉ ሴትዮዋ የአልጋውን ብረት ጨብጠው። «ስንት ጊዜ አየኸው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሦስተኛ እየው። እኔ... እችላለሁ።»

ሄደ፤ ቀዳ። ነርሷ ሴትዮዋን ደግፋ ትንፋሻቸውን ትቆጥር ጀመር። ሦስተኛውም ጠራ፤ ተመልሶ ብልቃጡን ዓይናቸው ፊት ያዘላቸው። አተኩረው አዩት፤ ከዚያ ነርሷን «ጀምሪ» አሏት።