አንድ ሚሊዮን አንድን ማን ይከፍለዋል?

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከሰው ሁሉ ይልቅ ያናደደኝ አንድ ቁጥር ነበር። የሒሳብ መምህራችን ቲቸር ደሳለኝ ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብለው ጻፉና፣ «ከአንድና ከራሱ ሌላ ያለቀሪ የሚከፍለው ቁጥር አለ? ካለ አምጡ፤ በእጅ ብቻ!» አሉ። ትልልቆቹ ተማሪዎች ጉባ ወርደው የህዳሴውን ግድብ ሊጎበኙ ነበር። መኪናው ላይ ሁለት ቦታ ስለተረፈ፣ በትክክል የመለሱ ሁለት ልጆች ይሄዳሉ ተባለ።

እኔና ጓደኛዬ ሃዋ ከትምህርት በኋላ እኛ ግቢ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። የአሶሳ ሙቀት፣ የወደቀ ማንጎ ሽታ፣ ዝንብ። የሃዋ የቤት ቋንቋ በርታኛ ስለሆነ እኔን ሴቷን «አንተ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ሌላ ቁጥር የማይከፍላቸውን ብቻ እየመረጥን ጀመርን፤ ለሦስት ብናካፍለው ሁለት ተረፈ። ለሰባት፣ ሁለት። ለአሥራ አንድ፣ ሁለት። ለአሥራ ሦስት፣ አሁንም ሁለት! ቁጥሩ የሚያሾፍብን መሰለኝ። አባቴ በአጠገባችን ሲያልፍ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ይባስ አበሸቀኝ። ዘጠና ሰባት ላይ ስንደርስ ጣቴ ዝሎ፣ ወረቀቱ በላቤ ረጥቦ ነበር። እርሳሴን ወረወርኩት።

«በቃ! የሚከፍለው የለም!»

«መቶ ላይ ማን ቁም አለህ?» አለች ሃዋ፣ እርሳሱን ከአቧራው እያነሳች።

እያጉረመረምኩ ለመቶ አንድ አካፈልኩት። 9,901 ደረሰ፤ ምንም አልተረፈም። ጩኸታችንን የሰማች ጎረቤት እባብ ያየን መስሏት ዱላ ይዛ መጣች።

በማግስቱ ሌሎቹ ሁሉ «የለም» ብለው መለሱ። የእኛን ሲያዩ ቲቸር ፈገግ እንኳ አላሉም። «እሺ፣ 9,901ንስ የሚከፍለው አለ?» አሉ። እንባዬ መጣ። እንደገና ከሦስት ልንጀምር ነው?

ሃዋ ተነሳች። «የለም ቲቸር። እሱን የሚከፍል ትልቁንም ይከፍላል። ከመቶ በታች ያለውን ትናንት ሞክረን ሁሉም እምቢ አለ። ከመቶ በላይ የሆነ ሁለት ቁጥር ሲባዛ ደግሞ አሥር ሺህ ያልፋል።»

ያ ሁሉ ከንቱ የመሰለኝ ድካም መልሱ ራሱ ሆኖ ቁጭ አለ። ቲቸር ጠመኔውን አስቀመጡ። «ሂዱ፣ ለቤተሰብ ንገሩ» አሉን።

የጉባ መንገድ ሲያንገጫግጨን ዋለ፤ እዚያ ያለችው የማንኩሽ ከተማ ወበቅ ትንፋሽ ያሳጣል። ግን ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆነን ግድቡ ሲገነባ አየን፤ ሃዋ እጄን ያዘች።

አሁን ሃዋ ካማሺ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። መንገዱ ክፉ ስለሆነ በስልክ ነው የምንገናኘው፤ እሱም ኔትወርክ ሲፈቅድ። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ቁጥር ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። ተናግሬ ሳልጨርስ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ መልሱን አነበበችልኝና ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መልሱን እንደ እኛው አግኝታዋለች፤ አብራት የምትበሳጭ ጓደኛ ግን አላገኘችም።