አልጎርስ ያለው ጠመንጃ

ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሎጅ የጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ወታደር ነበርኩ፤ ስለ መሣሪያ ከወንድ ጋር ስከራከር መሸነፍ አልወድም። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

በሥሬ ካሉት ጥበቃዎች አንዱ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ከቱላ በባጃጅ ይመላለሳሉ። በአሞራ ገደል በኩል ያለውን አጥር የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ የሚይዙትም ባለ ካዝና ሾትጋን ነው። የሎጁ ባለቤት ሌባ ካያችሁ ተኩሱ ብሎናል። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰውዬ የጀልባ ሞተር ተሸክሞ አጥሩን ሊሻገር ሲል አባባ ደረሱበት። አቀባበሉ። ጠመንጃው ጥይቱን አልጎረሰም፤ ነከሰው፤ ጥይቱ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ሌባው ሞተሩን ጥሎ ተፈተለከ።

ባለቤቱ ሞተሩ ተርፎለት ደስ ሊለው ሲገባ ጦፈ።

"ያረጀው መሣሪያው አይደለም፣ እሳቸው ናቸው። ዓርብ ፊቴ ተኩሰው ያሳዩኝ፤ አለበለዚያ በቃ፣ ይሰናበቱ" አለኝ።

አባባ የሚያሳድጓቸው የልጅ ልጆች አሏቸው። እንዲባረሩ አልፈለግኩም።

ካዝናውን ፈታሁት። ጥይቶቹ ታጭቀው ብዙ ከመቆየታቸው የተነሳ የላስቲክ ቀለሃቸው ተጨፍልቋል። ቀየርኳቸው። ማቀባበያውን ወደፊት የሚወረውረውን ሞላ ጠርጌ ዘይት ነካ አደረግኩት። ባሩድ የሌላቸውን መለማመጃ ጥይቶች ከትቼ ራሴ ሳቀባብለው ያለ ምንም ችግር ጎረሰ። ለእሳቸው ሰጠኋቸው፤ ነከሰ። ደገሙት፤ ነከሰ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ!

እጃቸውን አየሁ። ማቀባበያውን ስበው አይለቁትም፤ ይዘውት ቀስ እያሉ ነው የሚመልሱት። በሞላው ጉልበት ካልተወረወረ ደግሞ ጥይቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

"አባባ፣ ሙሽራ እያጎረሱ እኮ አይደለም! ይልቀቁት!"

"እንዳይሰበር ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"ይሰበር! እኔ እጠየቃለሁ።"

ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ለቀቁት። ቀጭ ብሎ ጎረሰ።

ዓርብ ከቱላ ወጣ ብሎ ወዳለ ድንጋይ ማውጫ ሄድን። አባባ አቀባበሉ፤ የደረደርናቸውን ጣሳዎች አንድ በአንድ መትተው ጣሏቸው። አንድም አልሳቱም። ባለቤቱ አጨበጨበ፤ በሥራቸው ይቀጥሉ አለ። እኔም እንደ ጥሩ አስተማሪ ደረቴን ነፋሁ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ተኩስ የት ተማሩ አልኳቸው።

"እኔም ወታደር ነበርኩ። አንቺ ሳትወለጂ።"

"ታዲያ ማቀባበል እንዴት ያቅትዎታል?"

"መቼ አቃተኝ?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የዚያን ቀን የሰውየውን ፊት አየሁት። ለሞተር ብዬ ሰው ልግደል? አልተኩስም ብል እባረራለሁ። ጠመንጃው ነከሰ ብል ግን ማን ምን ይለኛል? ቀስ አድርጌ መለስኩት።"

"እኔ ሳለማምድዎትስ?"

"ያንኑ ነበር የማደርገው። አንቺ ስትጮሂ ልጆቹን አሰብኩና ለቀቅኩት።" ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። "አሁን ባለቤቱ ጠመንጃው እንደሚጎርስ አይቷል፤ እንደማልስትም አይቷል። ሌላ ሰው አጥሩ ላይ ሲመጣ ምን ልበል፣ ልጄ?"